የኦቦ ለሜሳ ባዶ መደርደሪያ

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ባልደረቦቼ ምን ስጦታ እንደምፈልግ ለማወቅ ጸሐፊያችንን ላኩብኝ። ጋቢ ሊገዙልኝ እንዳሰቡ ገብቶኛል። ጋቢ አለኝ።

«ውስኪ» አልኳት።

ሳቀች። እንዳልቀለድኩ ስታይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ለራስዎ ነው እትዬ እታገኝ?» አለች።

«ለእኔም ለሌላ ሰውም ነው። ያዋጣችሁትን ስጡኝ፤ ምርጫውን ለእኔ ተዉት።»

ምርጫውን ለእኔ ተዉት ያልኩት በድፍረት ነው። አሰላ ውስጥ ለሰው ውስኪ መምረጥ የሚችል የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኦቦ ለሜሳ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከድሮው ቢሯችን ፊት ለፊት ግሮሰሪ አላቸው። ከባንኮኒው ጀርባ አራት መደርደሪያ አለ። በሦስቱ ላይ ቢራ፣ ወይን ጠጅ፣ አረቄና ለስላሳ ተደርድሯል። የላይኛው ባዶ ነው። በየቀኑ አቧራው ይጠረጋል፤ ግን ምንም አይቀመጥበትም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው።

ያን መደርደሪያ ባዶ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው ታርሟል፣ ተረስቷል። ይኼኛው ግን ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በሩ ክፍት ሆኖ ይታየኛል። ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት እዚያ መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ቆሞ ማየት ፈለግሁ።

ሥራ የጀመርኩት አርቦዬ ነው። ለሬዲዮ የወረዳ ዘጋቢ ሆኜ ስመደብ የተሰጠኝ አንድ ደብተር፣ አንድ ቴፕና መሳቢያው የማይከፈት ጠረጴዛ ነበር። ደመወዙ ቤት ኪራይ ከፍሎ ሽሮ የሚያስበላ ነው። በሦስተኛው ወር የአሰላ ቅርንጫፍ ኃላፊ ጋሽ መኮንን ሊጎበኘኝ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ኪሱ ሁልጊዜ ቆሎ አያጣም። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው «እዚህ መሥሪያ ቤት እርስዎ የሚባለው ማስረጃ ብቻ ነው» አለኝ። ፊት ለፊት ግን እርስዎ ማለቴን አልተውኩም፤ አንተ ብዬ የማወራው ለሰው ሳወራ ነው።

ዝናብ ስለመታው ገብስ የጻፍኩትን ዜና ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። የማንንም ጽሑፍ ተቀምጦ አያነብም ነበር።

«‹በርካታ ማሳዎች› ይላል። ስንቱን አየሽ?»

«ሁለት።»

«ሌላውን?»

«የቀበሌው ሊቀ መንበር ነገሩኝ።»

ደብተሬን ተቀበለኝና ገጹን መሐል ለመሐል አጠፈው። «በስተቀኝ ያየሽውን ጻፊ። በስተግራ የሰማሽውን። የግራው በጆሮሽ ገብቶ ነው የመጣው፤ በእግርሽ ሄደሽ ካላየሽው ወደ ቀኝ አይሻገርም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ደብተሬን አጥፌ ነው የጻፍኩት። ቤቴ ውስጥ አርባ አንድ ደብተር አለ፤ ሁሉም መሐሉ ላይ የእጥፋት መስመር አለው።

ሌላም ልማድ ነበረው። የሆነ ዕቃ የገባበት ዜና ሲመጣለት፣ ጆንያ ይሁን በሬ ወይም የጠፋ ማኅተም፣ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ አንድ በአንድ እየቆረጠመ ይሰማና «ከዚያ በፊትስ የት ነበር?» ይላል። ትነግረዋለህ። «ከዚያስ በፊት?» ይላል። ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት ወደ አሰላ ተዛውሬ ዲክሲስ በሄድንበት ዓመት ነው። ገበሬዎቹ የተሰጣቸው የቢራ ገብስ ዘር አልበቅል ብሎ ተቆጥተዋል፤ ሻጩ አታለለን ይላሉ። እኔም የሻጩን ስም አዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ መኮንን ግን ጆንያዎቹን ወደ ኋላ መከተል ጀመረ። ከማሳው ወደ ገበሬው ቤት፣ ከገበሬው ቤት ወደ ቀበሌ መጋዘን። መጋዘኑ ስንደርስ ጣሪያው ተቀዶ ሰማይ ይታያል፤ ወለሉ ላይ ተደፍቶ የቀረው ገብስ አብቅሏል። ማሳ ላይ እንቢ ያለው ዘር መጋዘን ውስጥ ብቅል ሆኖ ነው የወጣው። ጋሽ መኮንን አንድ ፍሬ አንስቶ አሸተተና «ቸኩለን ቢሆን የሰው ስም እናጠፋ ነበር» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እኔን፣ ሾፌራችንን ሽፈራውንና ቴክኒሻኑን ይዞን መንገዱን ተሻገረ። ኦቦ ለሜሳ ግሮሰሪ የገባሁት ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኦቦ ለሜሳ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ትከሻቸው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ፎጣ ያለ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር እየተፈራረቀ ነው የሚመጣው። የላይኛው መደርደሪያ ያኔ ሙሉ ነበር፤ ከቴክኒሻኑ ካፖርት የረከሰም፣ ማንም የማይገዛውም ውስኪ ጎን ለጎን ቆሟል።

«አካም ጅርታ መኮንን። ዛሬ ሴት ይዘሃል። ቢራ ላድርግላት ለስላሳ?»

«እሷን ጠይቃት» አለ ጋሽ መኮንን።

እኔ ቀምሼ የማላውቀውን ልሞክር ብዬ ውስኪ አልኩ። ኦቦ ለሜሳ ፎጣቸውን አወረዱና ባንኮኒው ላይ በክርናቸው ተደገፉ።

«ልጅ ሳለሽ የትኛው ይጣፍጥሽ ነበር? ቆሎ፣ ማር፣ ወይስ በወይራ ጭስ የታጠነ ወተት?»

የቀለዱ መስሎኝ ጋሽ መኮንንን አየሁት። «መልሺለት» አለኝ፤ «እኔን ሲጠይቀኝ ቆሎ ነው ያልኩት።»

«ቤሶ» አልኩ።

ኦቦ ለሜሳ ሳቁ። «ቤሶ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።» ትንሽ አሰቡና ከመደርደሪያው ጥግ፣ ካርቶን እንኳ የሌለው ጠርሙስ አወረዱ። መለኪያዋን ግማሽ ድረስ ሞሉልኝ። ልጠጣው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ገና ከጠርሙስ ወጥቶ ተናዷል፤ ይረጋጋ። አፍሽን ትንሽ ከፈት አድርገሽ አሽቺው። ካቃጠለሽ ግማሽ ማንኪያ ውኃ ጨምሪበት። ውኃ ነውር አይደለም።»

አሸተትኩት። እውነትም የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ እናቴ ቤሶ ስትበጠብጥ ከሳህኑ የሚነሳው ዓይነት። ጉሮሮዬን ቢያቃጥለኝም ወደድኩት። ዋጋውን ስጠይቅ ከመደርደሪያው ሁሉ ርካሹ ሆኖ ተገኘ።

«ያኛውስ?» አልኳቸው፣ ቁጥር የተጻፈበትን ባለካርቶኑን እያሳየሁ።

«ቁጥሩ ዕድሜው ነው። ዕድሜው ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል። ምላስሽ ልዩነቱን ካልነገረሽ ለካርቶኑ ነው የምትከፍይው።»

ኦቦ ለሜሳ ለሁሉም ሰው እንደዚህ ነበሩ። ሙሉ ጠርሙስ ሊገዛ የመጣን ሰው መጀመሪያ በመለኪያ ያጠጡታል፤ በሌላ ቀን ሌላ፣ በሌላ ቀን ሌላ። «በአራተኛው ቀን የትኛው ትዝ ካለህ እሱን ግዛ፤ ምንም ትዝ ካላለህ ቢራ ጠጥተህ ሂድ» ይላሉ። ከማን ጋር እንደሚጠጣውም ይጠይቃሉ፤ አማት ፊት የሚቀርብና ብቻህን ሆነህ የምትጠጣው አንድ አይደለም። ደግሞ ከገዛ በኋላ ለቤቱ ምን እንደሚተርፈው ይጠይቁታል። መልሱ ካላማራቸው አይሸጡም። አንድ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ተናዶ ሲወጣ «ይኼ ሰውዬ ነጋዴ ነው ወይስ የንስሐ አባት?» ሲል ሰምቻለሁ።

ጋሽ መኮንን የቆሎውን ዓይነት፣ ጥሩውን፣ ዲክሲስ ከመሄዳችን በፊት የገዛው በእሳቸው ምርጫ ነው። ለወራት በመለኪያ ሲያመላልሱት ከርመው «አሁን አገኘኸው» አሉት። ቤቱ ወስዶ ቡፌ ውስጥ አቆመው። «ለጡረታዬ ነው» አለን፤ «መሥሪያ ቤቱን በተሰናበትኩ ማግስት፣ በጠዋት፣ ማንም ሳይጠራኝ እከፍተዋለሁ።» እንደ ብዙ ሰው ቤት ቡፌው መስታወት አለው፤ የሠርግ ብርጭቆዎች፣ የልጆቹ ፎቶ፣ መሐሉ ላይ ውስኪው። እንግዳ ሲመጣ ያየዋል፤ ጠጡ ግን አይባልም።

ከዚያ ሾፌራችን ሽፈራው ልጁን ሳጉሬ ላይ ዳረ። ጋሽ መኮንን እጁ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሽፈራውን ደግሞ እንደ ወንድሙ ነው የሚያየው። ጠርሙሱን ከቡፌ አውጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው፤ በስጦታ ወረቀት ጠቀለለውና ይዞት መጣ። ባለቤቱ እትዬ አስካለ አልመጣችም። ራሷን አሟታል አለ። ደብተሬ ላይ በግራ በኩል ጽፌዋለሁ፤ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም፣ ልማድ ነው።

የድግሱ አስተዋዋቂ ስጦታ ሲቀበል ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየ። የሙሽራው አባት ለሽማግሌዎቹ ይቀዳላቸው አለ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተጎነጩ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሱት፣ ደግመው ቀመሱ።

«ይኼ ሻይ ነው» አሉ። «ስኳርም የለውም።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሽፈራው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ጋሽ መኮንን ፊቱ ሲጠቁር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነሳና «የገዛሁት ለሜሳ ጋ ነው» አለ።

በመኪና ስንመለስ ጠየቅሁት፤ «ከዚያ በፊት የት ነበር?»

«ቡፌ ውስጥ። ማንም አልነካውም።»

ዜናውን በማግስቱ ጻፍኩት። በከተማዋ ሐሰተኛ ውስኪ እየተሸጠ ነው የሚል ነበር። የግሮሰሪውን ስም አልጠራሁም፤ «በመናኸሪያው አቅራቢያ የሚገኝ አንድ ግሮሰሪ» አልኩ። መናኸሪያው አቅራቢያ ውስኪ የሚሸጥ አንድ ግሮሰሪ ብቻ ነው ያለው። ወደ ኦቦ ለሜሳ ስልክ ደወልኩ። አልተነሳም። «ባለቤቱን ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ መኮንን ወረቀቱን ተቀምጦ ነው ያነበበው። አሳለፈው።

ዜናው በምሳ ሰዓት ተላለፈ። በማግስቱ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው ግሮሰሪውን አሸጉ። ከላይኛው መደርደሪያ እያንዳንዱን ጠርሙስ ከፍተው ለምርመራ ቀዱበት። አንዱም ሐሰተኛ አልነበረም። የተከፈተ ጠርሙስ ግን ማን ይገዛል?

ዓርብ ዕለት እትዬ አስካለ ቢሮዬ መጣች። ጋሽ መኮንን ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም።

«ሻይ ነው» አለችኝ። «እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ዲክሲስ ለገብሱ ጉዳይ በሰነበትንበት ጊዜ ጦር ሜዳ ሞቷል ተብሎ የተለቀሰለት ታናሽ ወንድሟ በሩን አንኳኳ። ቤቷ ውስጥ የሚቀርብ ነገር አልነበረም። «ምን ላቅርብለት እታገኝ? ሞቶ ለተነሳ ሰው ውኃ ልስጠው? ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።» ከፈተችው። ወንድሟ አራት ቀን ተቀመጠ። ሲሄድ ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ሻይ አፈላች፣ በጨርቅ አጠለለች፣ ቀለሙ እስኪመሳሰል መስኮት ላይ እያነሳች አየችው። ስኳር አልጨመረችበትም፤ ጉንዳን እንዳይስብ። ሻጋታ እንዳያወጣም ቡፌውን በምትወለውልበት ቅዳሜ ሁሉ ደፍታ አዲስ ትሞላለች። የዕቁብ ተራዋ ሲደርስ ያንኑ ገዝታ ልትተካ ነበር። ሠርጉ ቀደማት።

«‹ለሽፈራው ጋቢ እንግዛለት› ብዬ ለምኜው ነበር። ‹ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለኝም› አለኝ። ከዚያ ምን ልበል?»

ለጋሽ መኮንን እኔ ልንገረው ወይ አልኳት። «አይሆንም። ራሴ እነግረዋለሁ። ለሰውዬው ግን በሩን አስከፍቱለት።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መኮንን ኮቱን ተኩሶ ለብሶ መጣ። ዜናውን አምጪ አለኝ። ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚለው ላይ ሲደርስ አቆመ።

«ወደ መስኮቱ ነይ። ምን ይታይሻል?»

«የኦቦ ለሜሳ በር።»

«ስንት እርምጃ ነው?»

በዓይኔ ለካሁት። አርባ እንኳ አይሞላም።

«ምንጩ እኔ ነበርኩ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እኔን ደግሞ ወደ ቀኝ ነው የጻፍሽኝ። በደንብ ብትጠይቂኝ...»

«ጠይቄዎት ነበር።»

«እውነት ነው። አስካለን ግን አልጠየቅሻትም። እኔም አልጠየቅኋት።»

እርማቱን ራሱ ጻፈው፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት ተላለፈ። «ጠርሙሱ የተከፈተው በቅርንጫፉ ኃላፊ መኖሪያ ቤት ነው፤ ሻጩ ምንም ጥፋት የለባቸውም» ይላል። ማን እንደከፈተው አልጻፈም። ከተማው ለወራት ጋሽ መኮንንን «ሻዩ» እያለ ሲጠራው አንድም ቀን አላስተባበለም። ሚስቱን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም። እኔም አሁን የምጽፈው እሷው ስላዘዘችኝ ነው።

ግሮሰሪው ሲከፈት ሁለታችን መንገዱን ተሻግረን ሄድን። ኦቦ ለሜሳ ይቅርታችንን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ሁለት ቢራ ከፈቱልን።

«ያን ቀን ሳጉሬ ገበያ ነበርኩ» አሉ። «ለቆሎ የሚሆን ገብስ ልገዛ። ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቷል። መናኸሪያ፣ ግሮሰሪ፣ ውስኪ ሲል ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳበች። አሰላ እስክንደርስ ማንም አልተናገረኝም።» መለኪያ አንስተው ወለወሉ። «እርማታችሁን ሰምቻለሁ። ጥሩ ነው። ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሰምተውት ይሆን?»

ከዚያ በኋላ ውስኪ አልሸጡም። የሚጠይቃቸውን «አልያዝኩም» ይሉታል። በአካባቢው ሌሎች ቤቶች ተከፈቱ፤ ሰው በካርቶኑና በቁጥሩ መግዛት ጀመረ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አንድ ቢራ እጠጣለሁ፣ እንጫወታለን፤ ስለ መደርደሪያው አናነሳም። ጋሽ መኮንን ጡረታ ወጣ፤ በማግስቱ ጠዋት የከፈተው ነገር አልነበረም። እትዬ አስካለ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ትታ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመረች።

የባልደረቦቼን ስጦታ እንደተቀበልኩ ወደ ግሮሰሪው ሄድኩ። አሁን ባንኮኒው ላይ የምትሠራው ልጃቸው ጫልቱ ናት፤ ኦቦ ለሜሳ በሩ አጠገብ ተቀምጠው መለኪያ ይወለውላሉ።

«ውስኪ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ውስኪ አልሸጥም፤ ታውቂያለሽ።»

«እንዲሸጡልኝ አይደለም። እንዲመርጡልኝ ነው።»

«ለማን?»

«ለጋሽ መኮንን።»

ፎጣው ቆመ። «ቡፌው አሁንም አለ?»

«አለ።»

ጫልቱ ሳቋን ለመደበቅ ዞረች። እሳቸው አልሳቁም። ስንት እንደያዝኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የአሁን ዋጋ ሌላ ነው፤ ያኔ ጋሽ መኮንን የገዛው ዓይነት ዛሬ የእኔን ወርኃዊ ጡረታ ይበልጣል።

«እኔ የማውቀው የድሮውን መኮንን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሲያረጅ ምላሱም ያረጃል። ሂጂና ጠይቂ። ከዚያ እናያለን።»

በማግስቱ ጋሽ መኮንን ቤት ሄድኩ። ከዘራውን ይዞ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የልጅነቱን ጣዕም ጠየቅሁት።

«ቆሎ። ይታወቃል።»

«ሐኪሙስ ምን ይላል?»

«በሳምንት ሁለት መለኪያ ፈቅዶልኛል።»

በግራ በኩል ጻፍኩት። ከዚያ አመስግኜ ወደ ጓዳ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሽንኩርት ትልጣለች። ያንኑ ጠየቅኋት።

«ቆሎ?» አለች። «በምን ጥርሱ? ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል እንጂ ከቆረጠመው ዓመታት አልፈዋል። አሁን የሚወደው ወተት ነው፤ በታጠነ ቅል የመጣ። የእናቱ ቤት ይሸተኛል ይላል።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «መለኪያውም አንድ ነው። ሐኪሙ ሲናገር አብሬ ነበርኩ።»

ደብተሬን ይዤ ወደ ግሮሰሪው ተመለስኩ። ኦቦ ለሜሳ ከፎጣቸው ቀና ሳይሉ «ምን አለ?» አሉኝ።

«እሱ ቆሎ አለ። እትዬ አስካለ ግን የታጠነ ወተት ነው ትላለች።»

ቀና አሉ። «ሚስቱን ጠየቅሻት?»

«ጠየቅኋት።»

መለኪያዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞረው «ነገ አዳማ እሄዳለሁ» አሏት።

«አባ፣ በዚህ ዕድሜዎ? እኔ አላመጣውም?»

«አንቺ ካርቶን አይተሽ ነው የምትገዢው።»

እሷ እንደነገረችኝ አዳማ ሦስት ቤት ዞረዋል። ጭስ ያለው ውስኪ ብዙ ጊዜ ውድ ነው። እሳቸው ግን ዕድሜው ያልተጻፈበት፣ ካርቶን የሌለው፣ የታጠነ ቅል የሚሸት አንድ ጠርሙስ በያዝኩት ልክ አገኙ። በሚኒባስ ሲመለሱ ረዳቱ ዕቃውን ከኋላ ልጫንልዎ ቢላቸው እንቢ ብለው ጭናቸው ላይ ታቅፈውት መጡ። መንገደኞቹ ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። «ውስኪ ነው» አሏቸው። «እውነተኛ።»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አራታችን ተገናኘን። ጋሽ መኮንን ከዘራውን ተደግፎ ገባ። እትዬ አስካለ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያን ደጃፍ ረግጣው አታውቅም። ኦቦ ለሜሳ ተነስተው ወንበር ሳቡላት።

«ይቅር በሉኝ» አለች፤ ሳትቀመጥ። «ሞቷል ለተባለው ወንድሜ ከፍቼ ሻይ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«ለወንድምዎ ከሆነ የተከፈተው ጥሩ ቦታ ነው የገባው» አሏት። «እኔን ያስከፋኝ ሻዩ ነው። እንዴት ሰው ያለ ስኳር ያፈላል?»

ሳቀች፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ኦቦ ለሜሳ ጠርሙሱን አምጥተው ፊቷ አቆሙት።

«ማኅተሙን ይዩት።»

ዞር ዞር አድርጋ አየችው።

«አልተነካም?»

«አልተነካም።»

«እንግዲያው ይክፈቱት።»

ክዳኑን ይዛ ጠመዘዘችው። ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ግሮሰሪው ውስጥ ተሰማ። ቀዳች፤ ለጋሽ መኮንን አንድ መለኪያ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። እሱ እስኪረጋጋ ጠበቀ፣ አፉን ከፈት አድርጎ አሸተተ፣ ቀመሰ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለሜሳ» አለ ቆይቶ፤ «ይኼ ከዚህ በፊት የት ነበር?»

«አዳማ ሱቅ።»

«ከዚያስ?»

«ጭኔ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«እፊትህ።»

ጋሽ መኮንን ራሱን ነቀነቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሲያረካው አየሁት።

ስንነሳ ልማዱ ነውና ጠርሙሱን ይዞ ሊሄድ እጁን ዘረጋ። ኦቦ ለሜሳ ቀደሙት። ከመሳቢያ ነጭ ፕላስተር አወጡ፣ «መኮንን» ብለው ጻፉበት፣ ጠርሙሱ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወንበር ላይ ቆመው፣ ጫልቱ ከታች እግራቸውን ይዛ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

«ቤት አይሄድም» አሉ። «ቡፌያችሁን አላምነውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ትጠጣለህ፤ አንድ መለኪያ። ወይዘሮ አስካለ እየመጡ ይቆጥሩልሃል።»

«ሁለት ነው ያለው ሐኪሙ» አለ ጋሽ መኮንን።

እትዬ አስካለ አንድ ጣቷን አነሳችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሄድ ከጎኑ ሌላ ጠርሙስ ቆሟል፤ ርካሹ፣ የድሮው ዓይነት። ፕላስተሩ ላይ «ቤሶ» ይላል። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ደብተሬን አውጥቼ አጠፍኩና በቀኝ በኩል ጻፍኩ፤ መደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙስ አለ፤ የአንዱ ማኅተም ገና አልተነካም።